«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»፦ ደመወዝ ትቶ ወደ ትሬዲንግ

ቆጥ በአገር ቤት ከፍ ተደርጎ በእንጨት የሚሠራ ነው፤ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ በአንዳንዱ ቤት ዶሮም ያድርበታል። ሴትየዋ በብብቷ የሆነ ነገር ሸጉጣለች። ምን እንደሆነ ተረቱ አይነግረንም። ቆጡ ላይ ያለው አማራትና እሱን ላውርድ ብላ ክንዷን ስታነሣ ብብቷ ተከፈተ፤ የያዘችው ወደቀ። የቆጡን ማግኘት አለማግኘቷንም ተረቱ ሳይነግረን ያልፋል።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» እያለ በራሱ ላይ የሚተርት ሰው አለ። ይበልጥ የሚሰማው ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ለማስጠንቀቂያ ነው።

አዳማ ላይ አንድ ወጣት እናስብ። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ይሠራል፣ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የፎሬክስ፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ ግብይት፣ ቻርት ያያል። ሁለት ሦስት ወር ቀንቶት «እማዬ፣ ሥራ ልለቅ ነው፤ ሙሉ ጊዜዬን ትሬዲንግ ላይ ላደርግ ነው» ይላል። እናቱ ባቡርና የጅቡቲ መንገድ ባሳደጉት ከተማ ነው የኖረችው፤ ንግድ ሲባል የሚታያት መጋዘን፣ ጆንያና ሚዛን ነው። «ዕቃው የታለ?» ትላለች። ዕቃ የለም። ተረቱ ይከተላል።

እኔ ግን ተረቱ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል አይመስለኝም። የሴትየዋ ጥፋት ቀና ብላ ማየቷ ሳይሆን በያዘችበት ክንድ መንጠራራቷ ነው። የብብቷን መሬት ብታስቀምጥ ወይም በሌላው እጇ ብትሞክር ኖሮ ባልተተረተባት።

በብብት ያለው ደመወዝ ብቻ አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ መሠረት ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣለታል፤ ሲለቅ ይህም ይቆማል። ከዚህ የሚከብድ ሌላ አለ። ደመወዝተኛ ከትሬዲንግ አካውንቱ ላይ ለኪራይና ለአስቤዛ አያወጣም። 300,000 ብር የሚያንቀሳቅስ ሰው በወር 30,000 ለኑሮ ካስፈለገው፣ ገንዘቡ ሳያድግ ባለበት እንዲቆይ ብቻ በየወሩ 10 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል። አንድ ክፉ ወር ግማሹን ከበላበት ደግሞ ወደ ቦታው ለመመለስ የቀረውን እጥፍ ማድረግ ሊኖርበት ነው፤ አከራይ ግን እስከዚያ አይታገስም። ሌቨሬጅ (ካለው ገንዘብ በላይ በብድር መነገድ) የሚጨመረውም፣ አካውንት የሚቃጠለው፣ ማለትም ገንዘቡ የሚያልቀውም ያኔ ነው።

ቆጡ ላይ ያለውስ? የአውሮፓ ኅብረት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መረጃ ሲኤፍዲ በሚባሉት፣ ዕቃውን ሳይገዙ በዋጋው መውጣትና መውረድ ብቻ በሚነገድባቸው፣ በየስልኩ የሚነገደው ፎሬክስም በሚካተትባቸው ውሎች፣ ከተራ ደንበኞች አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ይከስራሉ። በዚያው ዓመት እንደ ዩሮና ዶላር ባሉ ዋና ዋና የገንዘብ ጥንዶች ላይ ሌቨሬጅ ከ30 ለ1 እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። በቴሌግራም ሲግናል፣ ማለትም «አሁን ግዛ፣ አሁን ሽጥ» የሚል ጥቆማ፣ የሚሸጡት ይህን ሲለጥፉ አይታዩም።

በሌላው እጅ መሞከር ግን ይቻላል። የለንደንና የኒውዮርክ ገበያዎች አብረው ክፍት የሚሆኑበት፣ ግብይቱ የሚጧጧፍበት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። 11 ተኩል ላይ ከቢሮ ወጥቶ በባጃጅ ቤቱ ለሚገባ ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ይተርፈዋል። ሥራው ጊዜ ነሣኝ የሚል መጀመሪያ በዚህች ሰዓት ዓመት ይክረም፤ በዚህች ያላተረፈ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥም የሚጨምረው የሚከስርበትን ሰዓት ይመስለኛል።

ዓመቱን በትርፍ ዘልቆ አሁንም እለቃለሁ ለሚል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንገድ አለው፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሥራውን በአግባቡ አስረክቦ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ተቀብሎ ይውጣ፤ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከት ሊያስፈልገው ይችላል። የዓመት የቤት ወጪም ከትሬዲንጉ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። ባለትዳር ከሆነ በሚስቱ ስም ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የተቃጠለ አካውንት መሙላት ለሚያምረው ሰው እሷን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ መጠየቅ ቀላል አይሆንለትም።