እንቅስቃሴ መዝጋቢ ስርዓተ ክወናዎችና የግል ምስጢር

ስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ፕሮግራም) የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ መዝግቦ መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝርና ፕሮግራሞች የተነሱበት ሰዓት በየኮምፒውተሩ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዊንዶውስ 10 ላይ የተጨመረው ታይምላይን ይህንኑ በየቀኑ ደርድሮ ያሳይ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ላይ የለም።

መልኩ የተቀየረው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2024 ሪኮል የተባለውን የዊንዶውስ 11 መዝጋቢ ሲያስተዋውቅ ነው። ሪኮል በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪኑን ምስል ያነሳል፤ ምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍም ለቅሞ ለፍለጋ ያሰናዳል። 256 ጊጋባይት ዲስክ ላይ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ 25 ጊጋባይት ይይዛል፤ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ ይቀጥላል። ምስሎቹ ከኮምፒውተሩ አይወጡም መባሉ ማስተማመኛ ሆኖ ቀርቦ ነበር። የደህንነት ተመራማሪዎች ግን ገና ገበያ ሳይገባ ጉዱን አወጡት፦ የተለቀመው ጽሑፍ ባልተመሰጠረ ተራ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጧል። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ) መቆለፉ የሚያዋጣው ላፕቶፑ ተዘግቶ ሳለ ከተሰረቀ ነው። ባለቤቱ ከገባ በኋላ ዲስኩ ክፍት ስለሆነ፣ በእሱ ስም የሚሠራ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ፋይሉን ገልብጦ ይሄዳል። ጽሑፍ ደግሞ መጠኑ ትንሽ ነው፤ የብዙ ቀን ሥራ ባንዴ ይላካል።

ወር ሳይሞላ ኩባንያው ሪኮልን አዘገየው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በኤፕሪል 2025 ነው። አሁን ተጠቃሚው ካልፈቀደ አይሠራም፣ ዳታቤዙ ተመስጥሯል፣ ለመክፈትም ፊት ወይም አሻራ ይጠይቃል። ለዚህ ምስጋናው የተመራማሪዎቹ ነው።

የቀረ ክፍተት አለ። ፊት ወይም አሻራ ካልሠራ በፒን ይከፈታል፤ ፒኑን የሚያውቅ የቤት ሰው የወራት ታሪክ ማገላበጥ ይችላል። የካርድ ቁጥርና የይለፍ ቃል እንዳይነሳ የሚከለክለው ማጣሪያም በግምት ስለሚሠራ፣ ኖትፓድ ላይ የተጻፈ የካርድ ቁጥር ያመለጠው ጊዜ አለ።

ማጥፊያው ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ስር፣ ሪኮል ኤንድ ስናፕሾትስ የሚለው ገጽ ላይ ነው። ማንሳቱን ማስቆምና የተነሳውን መሰረዝ ለየብቻ ስለሆኑ ሁለቱንም ማድረግ ያስፈልጋል።

በራስ ኮምፒውተር ላይ ሪኮልን ማጥፋት ግን የሌላውን ሰው ሪኮል አይነካም። ራሱን የሚያጠፋ መልእክት ተቀባዩ ዘንድ ምስሉ ሊቀር ይችላል። የመልእክት መተግበሪያው ሲግናል በሜይ 2025 መስኮቱን የቅጂ መብት እንዳለው ፊልም አስመስሎ ለሪኮል ጥቁር ሆኖ እንዲታይ አድርጓል፤ ተቀባዩ ይህን ቅንብር ካጠፋው ግን መከላከያው አይኖርም።