የቻይናው ድርብ ዋጋ ምንድን ነው?

ስለ ቻይና ዕድገት ሲወራ የለውጡ መሪ ዴንግ ሺያዎፒንግ ይነሳል፣ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሆነችው ከተማ ሼንዠን ትነሳለች። እኔ ግን አንድ አሰልቺ የሚመስል አሠራር የበለጠ ይገርመኛል። እሱም ድርብ ዋጋ ነው፦ ለአንድ ዓይነት ዕቃ፣ መንግሥት እያወቀ፣ ሁለት ዋጋ።

አንድ የመንግሥት ብረት ፋብሪካ በዓመት 100 ቶን እንዲያስረክብ ኮታ አለበት እንበል። ያን በመንግሥት ተመን ያስረክባል። 130 ቶን ካመረተ ግን ትርፉን 30 ቶን ገበያ ባወጣው ዋጋ ለፈለገው ይሸጣል። መጀመሪያ ላይ ትርፉም ቢሆን ከተመኑ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይወደድ ጣሪያ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ ጣሪያው ተነሳ።

ለምን ዋጋውን በአንዴ አልለቀቁትም? በ1984 ወጣት ኢኮኖሚስቶች ሞጋንሻን ተራራ ላይ ተሰብስበው የተሟገቱት በዚሁ ነበር። ዋጋ ቢለቀቅ ርካሽ ብረት የለመደው ፋብሪካ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። ባይለቀቅ ደግሞ ማን ተግቶ ያመርታል? በድርብ ዋጋ የማንም ጉሮሮ አልተዘጋም። ከመንግሥት የዕቃ ድልድል (ከፕላኑ) ምንም የማይደርሳቸው የገጠር ፋብሪካዎችም፣ ውድም ቢሆን፣ ብረትና ከሰል የሚገዙበት በር ተከፈተላቸው።

ዋናው ብልሃት ግን ኮታው በአብዛኛው ባለበት መቆሙ ይመስለኛል። ምርት በየዓመቱ ሲጨምር ኮታው ስላልጨመረ፣ በተመን የሚሸጠው ድርሻ ማንም ሳይሰርዘው እየሳሳ ሄደ። ኮታው አብሮ ቢያድግ ኖሮ የሚተርፈው ሙስናው ብቻ ነበር።

ሙስናውማ ነበር። ዶላር በባንክና በጥቁር ገበያ ሲለያይ ምን እንደሚፈጠር እኛም እናውቀዋለን። ሥልጣን ያለው ወይም ዘመድ ያለው በተመን ይገዛል፣ በገበያ ዋጋ ይቸበችባል። ቻይናውያን ይህን «ጓንዳኦ» ይሉታል። በ1989 ሕዝቡን አደባባይ ካስወጡት ብሶቶች አንዱም እሱ ነው። ከዚያ በፊት፣ በኦገስት 1988፣ መንግሥት ዋጋዎችን ሊለቅ ነው የሚል ዜና ሲወጣ ሰዉ ከባንክ ገንዘቡን አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ሸመተ። የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ18 በመቶ አለፈ፤ መንግሥትም ወደኋላ አለ። ሩሲያ በጃንዋሪ 1992 አብዛኛውን ዋጋ በአንዴ ስትለቅ ግን የዓመቱ ንረት ከ2,000 በመቶ በላይ ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የአብዛኛው ዕቃ ሁለት ዋጋ አንድ ሆኗል። የውጭ ምንዛሪው ሁለት ዋጋም ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 ተዋሐደ፤ በመንግሥት ተመን 5.8 ዩዋን የነበረው ዶላር 8.7 ገባ። በወረቀት ሲታይ ትልቅ ዝላይ ነው። ነጋዴው ግን ብዙም አልደነገጠም፤ አብዛኛው ግብይት ድሮውንም በገበያው ዋጋ ይካሄድ ነበር።