«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል»፤ ፖሊስንስ ማን ያቁመው?

ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ሰው ሲደባደብ ገላጋይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል። ድንበሩን የገፉበትም ይላታል። ፍቺዋ ግልጽ ነው፤ የሕግ ስም ከተጠራ በኋላ ንዴትም ጉልበትም አበቃ፣ ባለህበት ቁም፣ የቀረህን ዳኛ ፊት ትናገራለህ። ውኃ ጆሮ የለውም። እሱ እንኳ ከቆመ ሰው የሆነ ሰው እንዴት አይቆምም?

የመጣችው ፖሊስ የሚባል ነገር ካልነበረበት ዘመን ነው። ያኔ በዳዩን የሚያስቆመው ተበዳዩ ራሱ ነበር። «በሕግ አምላክ» ወይም «በንጉሥ አምላክ» ይለዋል። አልቆምም ብሎ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት ጨመረ፤ ሕግ ደፈረ። ከዚያ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ዳኛው የግድ ሹም አይደለም። መንገድ ላይ ያገኙት አዋቂ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸው ነበር። በፍርዱ ያልረካ ይግባኝ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ተቋጥረው ሲሄዱ ጠባቂ የላቸውም፣ ካቴና የለም። ማንም ቋጠሮውን ፈትቶ መሮጥ ይችላል። የሚይዘው አላፊ አግዳሚው ነው፤ ያየው ሁሉ ነገ ይፈርድበታል።

ያን ዘመን ማቆንጀት ግን አልፈልግም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለውም ያው ሕዝብ ነው። ቃሉ ባላገሩን ያቆም ነበር፣ ጌታውን ግን ብዙ ጊዜ አላቆመም።

በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣና ማስቆም የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ። ለንደን ላይ ሮበርት ፒል ይህንኑ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ሌላውም አገር በየጊዜው ተከተለ። ጥሩ ነው፣ ደካማውን ከጉልበተኛ የሚያስጥል ሰው ያስፈልጋል። ግን ሰዎች «በሕግ አምላክ» የሚሉትን ቃል ዩኒፎርም ለለበሰው አስረከቡና እሱን ራሱን በምን እንደሚያስቆሙት ሳያስቡበት ቀሩ።

የአሜሪካዋን ሚኒያፖሊስ እንይ። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ በቁጥጥር ሥር በዋለው በጆርጅ ፍሎይድ አንገት ላይ በጉልበቱ 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ቆየ። ዳር የቆሙት ሰዎች ዝም አላሉም። ተነስለት፣ የልብ ትርታውን እየው እያሉ ለመኑት። ሥራ ከጀመረ ገና ቀናት የሆነው አንዱ ፖሊስ ሁለት ጊዜ «በጎኑ እናድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ሾቪን እንቢ አለ፤ ሰውየው ሞተ። ሾቪን 19 ዓመት የሠራ ነው፤ እዚያው ከነበሩት ጀማሪዎች የአንዱ አሠልጣኝም ነበር። ጀማሪ ማንን ነው የሚያስቆመው? አሠልጣኙን?

እኔን የሚያንገበግበኝ ደንቡ አለመኖሩ አይደለም። ነበረ። ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስ ጣልቃ እንዲገባ የሚያስገድድ መመሪያ የከተማዋ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶ ነበር። ከግድያው በኋላ የወጣው የፖሊስ መግለጫ ደግሞ ሰውየው በፖሊስ እጅ እያለ «የጤና እክል» ገጥሞት እንደሞተ ነበር የሚለው፤ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ ባትቀርጸው ኖሮ ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ሾቪን በግድያ ተፈርዶበት 22 ዓመት ከ6 ወር ተቀጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሦስቱ ባልደረቦቹ ሰውየውን ባለመርዳት ጥፋተኛ ተባሉ፣ ሁለቱ በተጨማሪ ሾቪንን ባለማስቆማቸው።

ለዚህ ነው ሥልጠና ጨምሩ፣ መመሪያ አውጡ ሲባል የማይዋጥልኝ። አዲሱ ፖሊስ ትምህርት ቤት የተማረውን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አለቃው ያስረሳዋል። ባልደረባውን ያጋለጠ ደግሞ ነገ አደጋ ላይ ሲወድቅ ማን ይደርስልኛል ብሎ ይፈራል። ቅሬታውን የሚመረምረው አብሮት ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉም ነገ ለሌላው መዝገብ ምስክር የሚሆነው ያው ፖሊስ ስለሆነ እጁን ይሰበስባል። ስም መቀየርማ ከሁሉ የባሰ ነው። ናይጄሪያ «ሳርስ» የተባለውን የፖሊስ ልዩ ቡድን እናስተካክላለን ብላ ደጋግማ ቃል ገባች። ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2020 አፈረሰችውና፣ በሁለተኛው ቀን «ስዋት» የሚባል አዲስ ቡድን መቋቋሙ ተነገረ። ሰው አልተቀበለውም፤ ልክ ነበር።

የተሻለ የሠራ ካየሁ ሰሜን አየርላንድን ነው። እዚያ ከብዙ ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ የፖሊስ ማሻሻያ እንዲያጠና የተቋቋመው የፓተን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ሪፖርቱን አወጣ፣ በ2001 የቀድሞው ፖሊስ በአዲስ ተቋም ተተካ። ከዚያ ቀድሞ በ2000 ግን የፖሊስ እንባ ጠባቂ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ከፖሊስ ውጭ ነው፣ የራሱ መርማሪዎች አሉት፣ መርማሪዎቹም የፖሊስ ሥልጣን አላቸው። ቅሬታህን ለፖሊስ አዛዡ ብታቀርብ እንኳ አዛዡ ለእንባ ጠባቂው ማስተላለፍ ግዴታው ነው። በፖሊስ ድርጊት ሰው ሞቶ ሊሆን ይችላል ከተባለም እንደዚያው። አዛዡ መዝገቡን መሳቢያው ውስጥ ሊቆልፍበት አይችልም።

ክፍተት ግን አለው። ጡረታ የወጣን ፖሊስ እንደ ምስክር ቀርቦ እንዲናገር ማስገደድ አይችልም። በዚያ ግጭት ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦች የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ፣ ቤቱም እየታወቀ፣ መልስ ሳያገኙ የሚያረጁት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።