«የወንዶቹ ግልባጭ ነው» ይባላል፦ ስለ ሴቶች አሽስ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

በ2025 መጀመሪያ የእንግሊዝ የሴቶች ክሪኬት ቡድን ወደ አውስትራሊያ መጥቶ ነበር። እኔ በምኖርበት በሜልበርኑ ፉትስክሬይ በዚያ ሰሞን ቡና በተፈላ ቁጥር የጉብኝቱ ወሬ ይነሳል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ክሪኬት ይጫወታሉ፤ ጨዋታው በእነሱ በኩል ቤታችን ገብቷል። ስለ ሴቶቹ የሚወራው ግን አብዛኛው ስህተት ነው፤ ክሪኬት የሚወዱ ሰዎች እንኳ ይሳሳቱታል። የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ወርዋሪዋ ኳሱን ትወረውራለች፣ መቺዋ በእንጨት መምቻ ትመታዋለች። መቺዎቹ ሮጠው የሚያገኙት ነጥብ ረን ይባላል። መቺ ስትወጣ «ዊኬት ወደቀ» ይባላል፣ አሥር ዊኬት ሲወድቅ የቡድኑ ተራ ያበቃል። ቴስት የሚባለው ቀናት የሚፈጀው ረጅሙ ጨዋታ ነው። አሽስ ማለት «አመድ» ማለት ሲሆን እንግሊዝና አውስትራሊያ የሚፎካከሩበት የጉብኝት ውድድር ስም ነው።

«የሴቶች ክሪኬት የትናንት ነገር ነው»

የመጀመሪያው የሴቶች ቴስት የተጀመረው ዲሴምበር 28 ቀን 1934፣ ብሪዝበን ውስጥ ነው። ቤቲ አርችዴል የምትመራው የእንግሊዝ ቡድን ለሳምንታት በመርከብ ተጉዞ ነበር የመጣው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ ቀርቶ የመርከቡን 80 ፓውንድ እንኳ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት፤ ያ ገንዘብ በጊዜው ቀላል አልነበረም። ሜዳ ላይ ሲወርዱ ማርትል ማክላጋን 10 ረን ብቻ ሰጥታ 7 ዊኬት ጣለች፣ አውስትራሊያም በ47 ረን ተጠናቀቀች። ማክላጋን በሚቀጥለው ወር ሲድኒ ላይ 119 አስቆጠረች፤ በሴቶች ቴስት ታሪክ የመጀመሪያው መቶ ይህ ነው። እንግሊዝ ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱን አሸንፋ አንዱን አቻ ወጣች።

በ1937 ተራው የአውስትራሊያውያኑ ሆነና ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የፈረሙት ውል መጠጥ፣ ሲጋራና ቁማር ይከለክላል። ባልም ሆነ ዘመድ አብሯቸው እንዲጓዝ አይፈቅድም። መርከቡ ላይ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አልጋቸው ውስጥ መግባት አለባቸው። ትልልቅ ሴቶች፣ አገራቸውን ወክለው እየሄዱ! ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል። ቢሆንም ፈርመው ሄዱ፣ ኖርዝሃምፕተን ላይም እንግሊዝን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፉ።

«ወንዶቹ የጀመሩትን እየተከተሉ ነው»

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነውና። የመጀመሪያው የክሪኬት ዓለም ዋንጫ የሴቶች ነው፦ 1973፣ እንግሊዝ ውስጥ። የወንዶቹ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በአገሮች መካከል የመጀመሪያውን የቲ20 ጨዋታ (በጥቂት ሰዓት የሚያልቀውን አጭሩን ዓይነት) ያደረጉትም ሴቶች ናቸው፦ እንግሊዝና ኒውዚላንድ፣ ሆቭ ከተማ፣ ኦገስት 2004። በአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ 200 ረን ያለፈችው የመጀመሪያዋ ሰው አውስትራሊያዊቷ ቤሊንዳ ክላርክ ናት፤ በ1997 ሙምባይ ላይ ዴንማርክን ስትገጥም ሳትወጣ 229 አስቆጠረች። ሕንዳዊው ሳቺን ቴንዱልካር በ2010 ሁለት መቶ ሲሞላ ዓለም «የመጀመሪያው» ብሎ ሲያጨበጭብ የክላርክ ቁጥር አሥራ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ቤቲ ዊልሰን ነበረች። ዊልሰን ሜልበርን ውስጥ፣ የሠራተኛ መንደር በነበረው ኮሊንግዉድ ያደገች ልጅ ናት። ኳስ የሴት ካልሲ ውስጥ ከትታ እናቷ ልብስ በምታሰጣበት ገመድ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ከዚያ ያንኑ ኳስ ስትመታ፣ ስትመታ ትውላለች። በ1958 ፌብሩዋሪ ሴንት ኪልዳ በሚገኘው ጃንክሽን ኦቫል እንግሊዝን ገጠሙ። የመጀመሪያውን ቀን ዝናብ በላው። በማግስቱ ሜዳው ጭቃ ነው፤ አውስትራሊያ 38 ብቻ አስቆጥራ አለቀች። ያኔ ዊልሰን ኳሱን ያዘች። 7 ረን ሰጥታ 7 ዊኬት ጣለች፣ ሦስቱን በተከታታይ ኳስ። እንግሊዝ 35። በሁለተኛው ተራ መቺ ሆና 100 አስቆጠረች፣ ከዚያ ተመልሳ 4 ዊኬት ጨመረች። በአንድ ቴስት መቶ ረንና አሥር ዊኬት ያገኘ ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ከእሷ በፊት አልነበረም። ከወንዶቹ አለን ዴቪድሰን የደረሰበት በ1960 ነው።

ጃንክሽን ኦቫልን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«በ2023 8 ለ 8 ስለወጡ አሸናፊ አልነበረም»

የሴቶች አሽስ ከ2013 ወዲህ የሚቆጠረው በነጥብ ነው፦ አንድ ቴስት፣ ሦስት የአንድ ቀን ጨዋታና ሦስት ቲ20 ተደምረው። አሁን ቴስቱን ማሸነፍ 4 ነጥብ፣ የሌሎቹ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ያስገኛሉ። ድምሩ እኩል ከሆነ ዋንጫው አስቀድሞ ከያዘው ቡድን ጋር ይቆያል። የዋንጫውም ነገር የራሱ ታሪክ አለው፦ በ1998 ሎርድስ ሜዳ ላይ ሁለቱ ቡድኖች የፈረሙበትን መምቻ አቃጥለው አመዱን ከእንጨት በተሠራ ኳስ ውስጥ አስቀመጡት።

አውስትራሊያ በ2023 እንግሊዝን ስትጎበኝ ኖቲንግሃም ላይ ታሚ ቦሞንት 208 አስቆጠረች፤ በቴስት ሁለት መቶ የሞላች የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊት ናት። አልበቃም። አሽሊ ጋርድነር በሁለተኛው ተራ 8 ዊኬት ጥላ ቴስቱን ለአውስትራሊያ ወሰደችው። የመጀመሪያው ቲ20ም ተጨመረ፣ 6 ለ 0። ብዙው ሰው በቃ አለቀ ብሎ ተወው። እንግሊዞች ግን ሁለት ቲ20 አሸንፈው 6 ለ 4፣ የመጀመሪያውን የአንድ ቀን ጨዋታ ወስደው 6 ለ 6 አደረሱት። በሁለተኛው የአንድ ቀን ጨዋታ ሳውዝሃምፕተን ላይ ናት ሲቨር-ብረንት 111 አስቆጥራ ሳትወጣ፣ ቡድኗ በ3 ረን ተሸነፈ። አመዱን አውስትራሊያ እንደያዘች የቀረችው በእነዚያ ሦስት ረኖች ነው። የመጨረሻውን ጨዋታ እንግሊዝ ብታሸንፍም 8 ለ 8 ዋንጫውን አላስመለሰላትም።

«ኳሳቸው ትንሽ፣ ሜዳቸው ጠባብ፤ ቀላል ጨዋታ ነው»

የሴቶቹ ኳስ ከ140 እስከ 151 ግራም ይመዝናል፣ የወንዶቹ ከ156 እስከ 163። የሜዳው ዳር መስመርም ወደ ውስጥ ይጠጋል። በወርዋሪዋና በመቺዋ በኩል ባሉት እንጨቶች መካከል ያለው ርቀት ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ 20 ሜትር ከ12 ሳንቲም። ኳሱ የቆዳ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቢያገኝህ ጣት ይሰብራል። በመረብ ኳስም የሴቶች መረብ ዝቅ ይላል፤ ለዚያ ብሎ ጨዋታውን ቀላል የሚለው የለም።

«በ2025 16 ለ 0 ተሸነፉ፤ ፉክክር አልነበረም»

ቁጥሩ እውነት ነው። አውስትራሊያ ሰባቱንም ጨዋታ ወሰደች። በሜልበርኑ ትልቁ ስታዲየም በተካሄደው ቴስት አናቤል ሰዘርላንድ 163፣ ቤት ሙኒ 106 አስቆጥረው እንግሊዝን በሦስት ቀን ጨረሷት። የቴስቱን ብልጫ አልክድም። «ፉክክር አልነበረም» የሚለው ግን ሁሉንም ጨዋታ አይገልጽም። ጃንዋሪ 14 ጃንክሽን ኦቫል ላይ እንግሊዞች አውስትራሊያን በ180 አስቆሟት፤ ለአንድ ቀን ጨዋታ ትንሽ ቁጥር ነው። እጃቸው ገብቶ ነበር። አላና ኪንግ በጥምዝ ኳሷ 4 ዊኬት ወሰደችባቸውና በ159 አለቁ። የዚያን ቀን የለያቸው 21 ረን ነው።

«ተመልካች የለውም»፣ «ደግሞ አሁን እኩል ይከፈላቸዋል»

ለመጀመሪያው አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ማርች 8 ቀን 2020፣ በዚሁ በሜልበርኑ ትልቅ ስታዲየም፣ አውስትራሊያና ሕንድ ለቲ20 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ 86,174 ሰው ገብቷል።

ክፍያው ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሕንድ በ2022 የሴቶችንና የወንዶችን የጨዋታ አበል እኩል አድርጋለች፣ ደግ ሥራ ነው። የዓመት ኮንትራቱ ግን ሌላ ነው፤ በዚያው ሰሞን ለወንዶች ከፍተኛው 70 ሚሊዮን ሩፒ ሲሆን ለሴቶች 5 ሚሊዮን ነበር። «እኩል» ሲባል ምኑ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

«ይሄ የእንግሊዝና የሕንድ ነው፣ አፍሪካን ምን አገባት?»

በጃንዋሪ 2023 ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ከ19 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ የሩዋንዳ ልጆች ዚምባብዌንም ዌስት ኢንዲስንም አሸንፈዋል። በዘር ማጥፋቱ ያለቁትን ለማሰብ ክዊቡካ የተባለ የሴቶች ውድድር ኪጋሊ ላይ ይካሄዳል፤ ጎረቤታችን ኬንያም፣ ኡጋንዳም ተሳትፈውበታል። ዱባይና ሻርጃ ላሉ እህቶቻችን ደግሞ በኦክቶበር 2024 የሴቶች ቲ20 ዓለም ዋንጫ የተካሄደው እዚያው በሚኖሩበት ከተማ ነበር።

«ወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ካላቸው ሴቶቹም አላቸው»

አፍጋኒስታን ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ሙሉ አባል ናት፤ ወንዶቿ በዓለም ዋንጫ ይሳተፋሉ። በ2020 መጨረሻ 25 ሴቶችም ኮንትራት ተሰጥቷቸው ነበር። በኦገስት 2021 ታሊባን ካቡልን ሲይዝ አብዛኞቹ ሸሽተው አውስትራሊያ ገቡ። አገራቸው ቡድን ብላ አታውቃቸውም።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 የአሽስ ቴስት በትልቁ ስታዲየም ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ እነዚህ ሴቶች ከተሰደዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሜዳ ገቡ። የገጠማቸው ድንበር የለሽ ክሪኬት የተባለ ቡድን ነው። ቦታው ጃንክሽን ኦቫል፣ ቤቲ ዊልሰን በ1958 በጭቃ ላይ 7 ዊኬት የጣለችበት ሜዳ። ተሸነፉ፤ ተጋጣሚያቸው 7 ዊኬት በእጁ እያለ ጨረሰ። ይህ ውጤት ግን በየትኛውም የአገሮች መዝገብ ላይ አልሰፈረም።