የቢስክሌት ቸርኬ ጉድለቶች እንዴት ይለያሉ?

ቸርኬ የቢስክሌት ጎማ የሚቀመጥበት ክብ ቀለበት ነው። ብዙዎቻችን ጎማውን፣ ራጂውን (ቀለበቱን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዘውን ሽቦ) እና መሐል ላይ ያለውን ሞዞ ጠቅልለን ቸርኬ እንላለን። እዚህ ግን የምናወራው ስለ ቀለበቱ ብቻ ነው። ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ሥራው ግን ከባድ ነው። የነጂውን ክብደት ይሸከማል። የጎማው አየር ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ራጂዎቹ ደግሞ ወደ መሐል ይስቡታል። ፍሬኑ ቸርኬው ላይ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በተያዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይፋቃል።

የቸርኬን ጉድለት ለማወቅ አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ራጂ ይስባል እንጂ አይገፋም። ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ሲገፉት ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ያለው ሲወጠር ነው። ዩጂን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1869 ፓሪስ ውስጥ በተወጠረ ሽቦ የሚቆም የቢስክሌት እግር (ቸርኬው ከነራጂውና ከነሞዞው) ካስመዘገበ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ዛሬ 32 ራጂ ባለው የኋላ እግር ላይ፣ በካቴናው በኩል ያለ አንድ ራጂ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ይወጠራል። የሁሉም ሲደመር ከ2 ቶን ያልፋል። ቸርኬው ክብ ሆኖ የሚቆመው ይህ ሁሉ ጉተታ ከየአቅጣጫው ተመጣጥኖ ስለሚመጣበት ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከር ቸርኬ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የተጣመመ ቸርኬም በራጂ ጉልበት ተጎትቶ ቀጥ ሊል ይችላል። ምርመራውን የሚያከብደው ይህ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የቸርኬው መሆኑ ይጣራ። ጎማው ሲዋልል አይቶ ቸርኬው ላይ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው። ጎማ በደንብ ካልተቀመጠ በራሱ ይዋልላል። ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ የቸርኬውን ጠርዝ ተከትሎ የሚዞር ስስ መስመር አለው። መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ወደ ቸርኬው ገብቶ ከጠፋ ችግሩ የጎማው አቀማመጥ ነው። አየሩን አስተንፍሶ በእጅ ማስተካከልና እንደገና መንፋት ይበቃል።

ሌላው ተጠርጣሪ ሞዞው ነው። ቸርኬውን ከላይ ያዙና ወደ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው። ኩሽኔታው የላላ እግር እንዳገኘ ይወዛወዛል፤ አሁን እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ ይነካል። የቸርኬ ጥመት ግን ቦታ አይቀይርም። በየዙሩ አንድ ጊዜ፣ እዚያው ነጥብ ላይ ይመጣል። ይህን እየነዱም ማወቅ ይቻላል። የተለመደ ትልቅ እግር አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም ይጓዛል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የቸርኬ ችግር በሴኮንድ 2 ወይም 3 ጊዜ ይመታል። ፍጥነት ስትጨምሩ ምቱም አብሮ ይፈጥናል። ፔዳል መምታት ስታቆሙ ከጠፋ ደግሞ ቸርኬውን ተዉትና ወደ ካቴናው ሂዱ።

ቀጥሎ ማሽከርከር ነው። ቢስክሌቱን ገልብጣችሁ በመሪውና በኮርቻው አቁሙት። እግሩን በቀስታ አዙሩት። ዓይናችሁን በቸርኬውና በፍሬኑ ጎማ መሐል ባለው ክፍተት ላይ አድርጉ። ክፍተቱ ሰፋ ጠበብ ካለ ቸርኬው ወደ ጎን ይወላገዳል። ዲስክ ፍሬን ያለው ቢስክሌት እዚያ ቦታ ላይ የፍሬን ጎማ የለውም። ለእሱ የፕላስቲክ ማሰሪያ ሹካው ላይ እሰሩና ጫፉን ቸርኬውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቁረጡት። ከብዙ ውድ መሣሪያ የማይተናነስ መለኪያ ይሆናል። ግማሽ ሚሊሜትር መወላገድ ማንንም አይጎዳም። 1 ሚሊሜትርም ለዕለት ተዕለት ጉዞ የሚታለፍ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ያንኑ ማሰሪያ ከቸርኬው ውጨኛ ጠርዝ ትይዩ ካዞራችሁት ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያሳያችኋል። ለዚህኛው ጎማውን ማውለቅ ይሻላል።

እስካሁን የሠራው ዓይን ነው። አሁን ጆሮ ይግባ። ራጂዎቹን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ በጥፍር ንኳቸው። የአንድ ጎን ራጂዎች ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። በኋላ እግር ላይ የካቴናው ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ የቀኙ ጎን ከግራው የበለጠ ይወጠራል። ስለዚህ ቀኝን ከቀኝ፣ ግራን ከግራ አወዳድሩ። ዓይንና ጆሮ የነገሯችሁን አንድ ላይ ስታስቀምጡ ነው ነገሩ የሚጠራው።

ቸርኬው ተወላግዶ፣ እዚያው ቦታ ላይ የላላ ወይም የተሰበረ ራጂ ካለ መልካም ዜና ነው። ቀለበቱ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ራጂው ሲስተካከል ቸርኬው ይመለሳል። ቸርኬው ተወላግዶ የራጂዎቹ ድምፅ ግን እኩል ከሆነ ብረቱ ራሱ ታጥፏል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ ራጂዎቹን ስትነኳቸው ግን አንዱ እንደ ደወል ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ዝም ይላል። ይህ የታጠፈ ቸርኬ ነው፤ አንድ ሰው ዳዶውን፣ ማለትም የራጂውን ጫፍ የሚያጠብቀውን ትንሽ ብሎን፣ በቁልፍ እያዞረ ጎትቶ አስተካክሎታል። ለዓይን ያምራል። የላላው ራጂ ግን በየዙሩ እየላላ ይሄዳል፤ የተወጠረው ደግሞ ቀዳዳውን እየሳበ ይጎዳል። ያገለገለ ቢስክሌት የምትገዙ ከሆነ ይህን ፈተና አትዝለሉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ራጂዎቹን ሁሉ ፈትቶ ቀለበቱን ለብቻው ማየት ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አጋድሙት። ጤነኛ ቸርኬ ዙሪያውን ቁጭ ይላል። የታመመው አንድ ጎኑን ሲጫኑት ሌላው ይነሣል። በጣም የተመታ ቸርኬ ሁለት ቦታ ላይ ይነሣል፣ ሁለት ቦታ ላይ ይወርዳል። ያ በራጂ የሚመለስ አይደለም።

ጉድጓድ የሚያመጣው ጉዳት መልኩ ሌላ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጎማው ይጨፈለቅና ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ይወርዳል። ካላማዳሪያው (ከጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው) ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ካላማዳሪያውን ለጥፋችሁ ብቻ አትሂዱ። የቫልቮላውን (የአየር መንፊያውን) ቦታ መነሻ አድርጋችሁ ከቀዳዳዎቹ ትይዩ ያለውን የቸርኬ ጠርዝ በጣት ዳስሱ። ወደ ውጭ ያበጠ ነገር ካለ ፍሬን ስትይዙ እዚያ ላይ ይነጥቃል። ትንሽ እብጠት በጥንቃቄ ተመልሶ ሊቀና ይችላል። ቸርኬው ወደ መሐል ገብቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ከባድ ነው። ወደ ውጭ የሚገፋው የለማ! እዚያ ያሉትን ራጂዎች ማላላት ጥቂት ይረዳል፤ ብረቱን ግን አያወጣውም።

የፍሬን መፋቅን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። እኔ ግን አስቀድመው ሊያዩት የሚገባ ይመስለኛል። የፍሬኑ ጎማ በአቧራና በአሸዋ ሲሞላ እንደ ሞረድ ይሆናል። የቸርኬው ጎን ቀስ በቀስ ይሳሳል። በሌላ በኩል የጎማው አየር ያንን የሳሳ ግድግዳ ሌት ተቀን ወደ ውጭ ይገፋል። አንድ ቀን ግድግዳው በድንገት ይቀደዳል። የፊት እግር ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እንደተያዘ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጎማው ይፈነዳል፣ የተገነጠለው ብረት ፍሬኑ ውስጥ ይሰነቀራል።

የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች አሉ። ብዙ አምራቾች ጎኑ ላይ ስስ መስመር ወይም ትናንሽ ጉድጓዶች ይሠሩበታል፤ ሲጠፉ ቸርኬው አልቋል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ምልክቱን ከውስጥ ስለሚቀብሩት መፋቁ ሲደርስበት ብቅ ይላል። ስለዚህ የእናንተው የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ምልክት ከሌለው የብረት ማስመሪያ ጠርዝ ጎኑ ላይ አስቀምጡና ከኋላው ብርሃን አብሩ። መሐል ላይ ብርሃን ካለፈ ጎድጉዷል።

ውፍረቱን በትክክል መለካት ለፈለገ አንድ ዘዴ አለ። የቸርኬው ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ካሊፐር (በሁለት መንጋጋ ጨምቆ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) የሳሳውን ቦታ አያገኘውም፤ ወፍራሙን ጠርዝ ለክቶ ያታልላችኋል። ከአሮጌ ራጂ ሁለት ቁራጭ ውሰዱ። ራጂ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የእናንተን ለክታችሁ አረጋግጡ። አንዱን ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ በጎደጎደው ቦታ ላይ ያዙና ካሊፐሩን በሁለቱ ላይ ጨምቁ። 5.1 ካነበበ 4ቱን ቀንሱ። ግድግዳው 1.1 ሚሊሜትር ነው። ከ1 በታች ከወረደ እኔ አልነዳበትም። ዙሪያውን ቢያንስ 4 ቦታ ለኩ፤ መፋቁ ሁሉም ቦታ እኩል አይሆንም። ሌላም ቀላል ፈተና አለ። የቸርኬውን ስፋት ጎማው ተንፍሶ ሳለ ለኩ፣ ከዚያ ሞልታችሁ ድገሙት። በአየር ግፊት በግልጽ ከሰፋ ግድግዳው ደክሟል።

ስንጥቅ ደግሞ ተደብቆ ይኖራል። የኋላ እግር የቀኝ ጎን ራጂዎች ከሁሉም በላይ ስለሚወጠሩ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእነሱ ቀዳዳ ነው። ዳዶው ዙሪያ ያለው ብረት ትንሽ ወደ መሐል ያብጣል። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ቸርኬውን ተከትሎ ይወጣል። አንድ ጊዜ የኋላ እግሬ ላይ አንድ ራጂ በየሳምንቱ ይላላ ነበር። አጠብቀዋለሁ፣ ተመልሶ ይላላል። ዳዶውን ጠረጠርኩ፣ ቀየርኩት። ያው ሆነ። በመጨረሻ ቸርኬውን በሳሙና አጥቤ በእጅ ባትሪ ከጎን አብርቼ ሳየው ቀዳዳው በሁለቱም በኩል ተሰንጥቋል። እኔ ባጠበቅኩ ቁጥር ብረቱን እየቀደድኩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሚላላ ራጂ ሳይ መጀመሪያ የማየው ቀዳዳውን ነው። መብራቱ ከፊት ሳይሆን ከጎን መምጣት አለበት፤ ስንጥቁ ጥላ የሚሠራው ያኔ ነው። ጭረት ነው ወይስ ስንጥቅ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ጥፍራችሁን አሳልፉበት፤ ጥፍሩን ከያዘው ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ጫፉን በስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ ጥቂት ነድቶ ማደጉን መጠበቅ ግን አይገባም። ቀዳዳ ላይ ከሆነ ቸርኬው ይቀየር።

አብዛኛው የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀጥ ካለ ዘንግ ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፎች ይገጠማሉ ወይም ይበየዳሉ። መገጣጠሚያው አብዛኛውን ጊዜ ከቫልቮላው ቀዳዳ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ላይ ትንሽ እርከን ካለ ፍሬን በየዙሩ አንዴ ይነክሳል። አዲስ ቸርኬ ላይ ትንሽ ከሆነ በጊዜ ይለሰልሳል፤ እየተከፈተ ከሄደ ግን ጉድለት ነው። የብረት ቸርኬ ላይ ዋናው ጠላት ዝገት ነው፤ በተለይ የራጂ ቀዳዳዎቹ ውስጥ።

የካርቦን ቸርኬ አመሉ የተለየ ነው። አይታጠፍም፤ ወይ ደህና ነው ወይ ይሰበራል። ከምት በኋላ ንብርብሮቹ ከውስጥ ሊላቀቁና ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል። በሳንቲም ጫፍ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ቆርቁሩት። ጥርት ያለው ድምፅ የሆነ ቦታ ላይ ደርሶ ድፍን ካለ እዚያ ተላቋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድም ሙጫውን በሙቀት ሊያለሰልሰው ይችላል። ፍሬኑ የሚይዝበት የቸርኬው ጎን ላይ እብጠት ከዳሰሳችሁ አትጠግኑት።

ካላማዳሪያው የተበሳው በራጂው በኩል ከሆነ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ ያለውን ሽፋን ግለጡ። ሽፋኑ ተንሸራትቶ የራጂ ቀዳዳ ተከፍቶ ይሆናል፤ ወይም የራጂ ጫፍ ከዳዶው አልፎ ወጥቷል። ይህ በትንሽ ሥራ የሚድን ነው።

ቸርኬው ይቀየር ከተባለ ሞዞው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ይቀራል። አዲሱ ቸርኬ የራጂ ቀዳዳ ቁጥሩ እኩል መሆን አለበት። ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትርም (የክቡ ስፋት በሚሊሜትር) መግጠም አለበት፤ ጎማው ጎን ላይ 622፣ 584 ወይም 559 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ራጂዎቹ አርፈው የሚቆሙበት ውስጣዊ ዲያሜትር ከአሮጌው ጋር አንድ ከሆነና ራጂዎቹ ካልተጎዱ ሥራው ይቀላል። አዲሱን ቸርኬ ከአሮጌው ጎን በፕላስተር እሰሩት፤ የቫልቮላ ቀዳዳዎቹን አስተካክሉ። ከዚያ ራጂዎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ፈትታችሁ ወደ አዲሱ አሻግሩ። ሁሉም ካለፉ በኋላ አሮጌው ቀለበት በጎን በኩል ተንሸራትቶ ይወጣል።