«ዛሬም ክፍል የለህም?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

ባለፈው ረቡዕ ረፋድ ላይ በረንዳ ቁጭ ብዬ ወረቀት አርማለሁ። ጎረቤታችን ከገበያ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አዩኝና «ልጄ፣ ዛሬም ክፍል የለህም? ታድላችሁ እናንተስ!» አሉኝ። ጉልበቴ ላይ 61 የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ወረቀት አለ። እግሬ ሥር ደግሞ በፌስታል የታሰሩ የሁለት ሴክሽን (የሁለት ክፍል ተማሪዎች) ወረቀቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ምን ልበላቸው? «ይመስገን እትዬ» ብዬ ዝም አልኩ።

የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ይቺን ነገር ስምንት ዓመት ሙሉ ሰማኋት። ከጎረቤት፣ ከአማቴ፣ ባንክ ቤት ከሚሠሩት ጓደኞቼ። ዛሬ ተናግሬው ይውጣልኝ።

«የዩኒቨርሲቲ መምህር በሳምንት 12 ሰዓት ነው የሚሠራው።» ቁጥሯ ከመሬት ተነስታ አልመጣችም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ መምህር መደበኛ ሎድ (የማስተማር ድርሻ) ብዙውን ጊዜ በሳምንት 12 የሌክቸር ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል። ሰው ይቀንስና «27ቱን ሰዓት ምን ትሠሩበታላችሁ?» ይላል።

እንቁጠራ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ለ4 ሴክሽን ሳስተምር 12 ሰዓቴ ሞላ። በየሴክሽኑ 60 ተማሪ ቢኖር 240 ተማሪ ነው። የአንዱን የእጅ ጽሑፍ ፈትቼ፣ አንብቤ፣ ነጥብ ደምሬ እስክጨርስ 10 ደቂቃ ያዙልኝ። 2,400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት። አንድ ሚድ ብቻ የመንግሥት ሠራተኛን ሙሉ ሳምንት በልቶ አንድ ሰዓት ተረፈው። ኩዊዙ፣ አሳይመንቱ፣ ፕሬዘንቴሽኑ፣ ፋይናሉ ገና ነው። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር መመሪያው ላይ ሲነበብ ያምራል። 240 ተማሪ ላይ ሲያርፍ ግን ፌስታል ነው።

ዝግጅቱስ? አዲስ ኮርስ ሲሰጥህ አንድ ሰዓት ለማስተማር ሦስት አራት ሰዓት ታነባለህ። በመጀመሪያ ዓመቴ ሴሚስተሩ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባልደረባችን ለትምህርት ውጭ ሄደና ኮርሱ እኔ ላይ ወደቀ። ሰኞ ጠዋት የማስተምረውን እሁድ ማታ ነበር የማነበው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ ከሚቀጥለው ምዕራፍ ስትጠይቀኝ «እዚያ ስንደርስ እናየዋለን» አልኳት። የማስተማር ዘዴ አልነበረም፤ ገና አላነበብኩትም ነበር።

የላብ ሰዓት ደግሞ ብዙ ቦታ ከሌክቸር ባነሰ ነው የሚታሰበው። ሦስት ሰዓት ቆመህ ትውላለህ፣ ሁለት ተብሎ ይያዝልሃል። ተመራቂ ማማከር፣ ፈተና ቆሞ መጠበቅ፣ የካሪኩለም ክለሳ፣ እስከ ምሽት የሚጎተት የዲፓርትመንት ስብሰባ... ይኼን ሁሉ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ከየት ያዩታል?

«ክረምቱን ግን ታርፋላችሁ።» ክረምት ላይ የክረምት ተማሪ አለ። ቅዳሜና እሁድም የቅዳሜና እሁድ ተማሪ አለ።

«ቤት ይሰጣችኋል።» ለጥቂቱ አዎ። ለብዙው የቤት አበል ነው፤ አበሉን አከራዬ ያውቀዋል፣ ይስቅበታል።

«ሁላችሁም ፕሮፌሰር ናችሁ።» አይደለንም። ከረዳት ምሩቅ ተጀምሮ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያለ ነው ፕሮፌሰር የሚደረሰው። «ዶክተር» ደግሞ ከዚህ መሰላል ውስጥ የለም። እሱ ዲግሪው ነው፤ መሰላሉ የሥራ ማዕረግ ነው። እኔ ሌክቸረር ነኝ፣ «ቲቸር» በቂዬ ነው።

«ሥራችሁ ማስተማር ነው፣ ምርምሩ ለአበል ነው።» ይኼን የሚለው አንዳንዴ ከራሳችን ግቢ ሰው መሆኑ ነው የሚያናድደው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ ዩኒቨርሲቲን በሦስት እግር ነው ያቆመው፤ መማር ማስተማር፣ ጥናትና ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕግ (የዩኒቨርሲቲው የራሱ መተዳደሪያ) የመምህሩ ጊዜ 75 ከመቶ ለማስተማር፣ 25 ከመቶ ለምርምር ተብሎ ተከፍሏል። ከላይ ባልኩት መሰላል ላይ የላይኛዎቹን ደረጃዎች የሚያስወጣህም የታተመ ጽሑፍ ነው። ጥሩ ስላስተማረ ብቻ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው አላየሁም። ይኼ ልክ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። ግን ደንቡ እንደዚያ ነው።

«የመውጫ ፈተና የወደቁት መምህሩ ስላላስተማረ ነው።» ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ይቺ ትነሳለች። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናውን እኔ አላወጣውም፣ በአገር ደረጃ ነው የሚዘጋጀው። የማያስተምር መምህር የለም አልልም፤ አለ፣ አውቀዋለሁ። ግን አራት ዓመት ሙሉ ሃንድአውት ብቻ ሸምድዶ የመጣን ልጅ በመጨረሻው ወር ቱቶሪያል አላዳነውም።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ። «ቲቸሩ ኤፍ ሰጠኝ» አትበሉ። ኤፍ ከኪሴ አውጥቼ የማድል ከረሜላ አይደለም። ሚድ፣ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ፋይናል ተደምሮ የሚወጣ ነው፤ ዲፓርትመንት አይቶት ነው ሬጅስትራር የሚገባው። ቅር ካላችሁ ኮምፕሌይን የማቅረብ መብት አላችሁ። ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አስገቡ፣ ወረቀታችሁ ይታይ። እኔም ሁለት ጊዜ ድምር ተሳስቼ አስተካክያለሁ፤ አንዷ ልጅ 9 ነጥብ ነው የበላኋት። እሷ ወረቀቷን ይዛ መጥታ፣ ጥያቄ ቁጥር 4 ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋ አሳየችኝ። እንደዚህ ነው የሚመጣው። እናቱን ይዞ የመጣም አለ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንደ ልጅህ እየው» ሲሉኝ እኔም ልቤ ይራራል፣ ውጤቱ ግን 31 ነው።

አድቫይዘርን (የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪን) በተመለከተ ሁለት የተሳሳተ ሐሳብ አለ፣ ሁለቱም እኩል ያደክሙኛል። አንዱ «ፈራሚ ነው» ይላል፣ ሌላው «እሱ ይጽፍልናል» ይላል። አድቫይዘር ጥያቄህን ያጠብልሃል፣ ዘዴህ የማይሆን ከሆነ ቀድሞ ይነግርሃል፣ የጻፍከውን አንብቦ በቀይ ይመልስልሃል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የጻፍከው ነገር መኖር አለበት። ዲፌንስ (ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ቀን) ሦስት ቀን ሲቀረው ሙሉ ተሲስ ይዞ የመጣልኝ ልጅ ነበር። ርዕሱ ስለ አንዲት ከተማ ነው፣ ገጽ 34 ላይ ስደርስ የሌላ ከተማ ስም አገኘሁ። ከሌላ ሰው ወስዶ የከተማዋን ስም በኮምፒውተር አንዴ ቀይሮታል። ዋናው ጽሑፍ ላይ ግን ስሟ በሁለት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፎ ኖሮ፣ አንደኛው አምልጦታል። ጣቴን አስቀምጬ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «ቲቸር፣ ዎርድ ነው የሚለዋውጠው» አለኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደ አዲስ ጻፈው፤ ጥሩ ተሲስ ወጣው፣ ይኼን ደግሞ አልደብቅም።

ስለዚህ ከጥቅምት ጀምራችሁ ኑ፣ ግንቦት ላይ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ገጽ ይዛችሁ ኑ። በቴሌግራም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ቲቸር አለህ?» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ጥያቄውን አብራችሁ ጻፉት። ማክሰኞና ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሮ ነኝ። ቢሮ ስል አምስት ሆነን ሁለት ጠረጴዛ የምንጋራበትን ክፍል ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር እግሩ የላላ ስለሆነ እሱ ላይ አትቀመጡ። ሰዓቱ በሩ ላይ ተለጥፏል።