ሳይንሳዊ ዘዴ እንዴት ይሠራል?

ሳይንሳዊ ዘዴ ስለ ተፈጥሮ የገመትነውን በምልከታና በሙከራ የምንፈትንበት አሠራር ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት በተራ ይደረድሩታል፦ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ መደምደሚያ። ለፈተና ይበቃል። በተግባር ግን ሥራው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቁም ነገሩ መላምቱ ስህተት ከሆነ የሚጋለጥበት መንገድ መኖሩ ነው።

የፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ የለቬሪዬ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በእሱ ዘመን ዩራነስ በኒውተን የስበት ሕግ ከተሰላላት መንገድ ፈቀቅ እያለች አስቸግራ ነበር። ሕጉ ተሳስቷል ማለት ይቻል ነበር። ለቬሪዬ ግን ያልታየች ፕላኔት እየሳበቻት ነው ብሎ ገመተ። ገምቶም አልተቀመጠም፤ ፕላኔቷ የት መገኘት እንዳለባት አሰላ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 በርሊን ላይ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዮሐን ጋለ ቴሌስኮፑን ወደተባለው አቅጣጫ አዞረ። ኔፕቱን ከስሌቱ 1 ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ በዚያው ሌሊት ተገኘች።

ቀጥሎ ሜርኩሪ አስቸገረች። ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ነጥብ ከስሌቱ በላይ ይዞራል። ትርፉ በ100 ዓመት 43 አርክሰከንድ፣ ማለትም የ1 ዲግሪ መቶኛ ገደማ ነው። ማን ይሙት፣ ይህችን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? ለቬሪዬ ግን አላለፋትም። እ.ኤ.አ. በ1859 ያንኑ መላምት ደገመ፦ በሜርኩሪና በፀሐይ መካከል ያልታየ ነገር አለ። የተጠረጠረችው ፕላኔት ቩልካን ተባለች። ለአሥርት ዓመታት ተፈለገች። አየናት ያሉም ነበሩ፤ ሌሎች ሲፈልጓት ግን የለችም። እ.ኤ.አ. በ1915 አይንሽታይን በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ ያለ ምንም ፕላኔት 43ቷን አገኛት። በዚህኛው ጊዜ መለወጥ የነበረበት ሕጉ ራሱ ነበር።

ሰውየው ያው፣ መላምቱም ያው። አንዴ የሠራ ሐሳብ ሁለተኛ ላይሠራ ይችላል፤ ይህን የሚለየው ደግሞ ምልከታ ብቻ ነው።

ፕላኔት መሞከሪያ ክፍል አይገባም። መድኃኒት ግን ይሞከራል፤ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ብቻ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ሌላው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት ነገር ይሰጠዋል። ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙም ሕሙማኑም ባያውቁ ይመረጣል፤ ተስፋ ዓይንን ያታልላልና።

ከዚያ በኋላም ውጤቱ በሌሎች መደገም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ከጄኔቫ ወደ ጣሊያን የተላኩ ኒውትሪኖዎች (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ቢሊዮንኛ፣ ቀድመው ደረሱ አለ። ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም ተብሎ ስለሚታመን ቡድኑ ራሱም ግራ ገብቶት ሌሎች እንዲመረምሩለት ጠየቀ። በምርመራው የጊዜ ልኬቱን ያዛባ፣ በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኬብል ተገኘ። በ2012 እንደገና ሲለካ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን አልፈጠኑም።